ከመስኮቱ ሥር የማይጠፋው ሞተር

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር የሞተረኞቹን ዓይን ማየት አይፈልግም። ዕቃ አድራሾቹ፣ ትእዛዝ የሚበዛው በዚህ ሰፈር ነው ብለው፣ እሱና ሚስቱ ከሚተኙበት ክፍል መስኮት ሥር ከጠዋት ጀምሮ ይኮለኮላሉ። ሞተር ማጥፋት የሚባል ነገር አያውቁም። ሚስቱ አስም አለባት፤ መስኮቱ ሲከፈት በጭሱ፣ ሲዘጋ በሙቀቱ ትታፈናለች። በዚህ ከቀጠለ እንደማትከርም ያውቃል፤ ያንን ሲያስብ ደሙ ይፈላል።

በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ ተጣብቆ የሚውለው ልጁ ደግሞ አባቱን ሊያስተምር ይቃጣዋል። «አባዬ፣ ከጭስ የገላገለን እኮ ኢንተርኔት ነው። እኔ ራሴ መኪና ከተሳፈርኩ ስንት ጊዜዬ።»

«የኔ አውቶቡስ በአንድ ጭስ ስልሳ ሰው ታደርስ ነበር» ይላል ሹፌሩ። «እነዚህ አንዲት ሳሙና ለማድረስ አገር ያጨሳሉ።»

ልጁ ይስቃል። ያ ሳቅ ከጭሱ ብሶ ያንገበግበዋል።

አንድ ቀን ሚስቱ ስትስል ቆይታ ትንፋሽ አጥሯት ከንፈሯ ጠቆረ። መድኃኒቷን ስባ ነፍስ ስትዘራ፣ ሹፌሩ በነጠላ ጫማው ወረደና ያኔ የደረሰውን ሞተረኛ ቁልፍ መነጨቀው።

«አባቴ፣ ቁልፌን ይስጡኝ» አለ ሞተረኛው። «የስልኬ ባትሪ ሞቷል፣ ከሞተሩ ካልሳበ አይሠራም። ከጠፋ ቀጣዩ ትእዛዝ ለሌላ ይሄድብኛል።»

«ይሂድብሃ። ለስልክህ ብለህ ሚስቴን ልትገድልብኝ ነው?»

«እኔን ምን ያፋጥጡኛል? ያዘዘውን ይጠይቁ። ጠዋት ወረቀት አስመጣኝ፣ አሁን ደግሞ እስክሪብቶ። አንደኛ ፎቅ፣ በስተግራ።»

ሹፌሩ ክው አለ። የገዛ ቤቱ ነበር። ቁልፉን መለሰ፣ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ወደ ላይ ወጣ።

የልጁን ጠረጴዛ እየጎተተ በመንገዱ በኩል ወዳለው መኝታ ክፍል ወሰደ፤ የሚስቱን አልጋ ወደ ጓሮው ክፍል አዛወረ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው? ሥራ ላይ እኮ ነኝ።»

«እዚህ ሥራ» አለና እስክሪብቶውን ወረወረለት።

ከሰዓት በኋላ ልጁ እየሳለ መስኮቱን ሊዘጋ ተነሳ። አባቱ ቀድሞት መዝጊያውን ያዘ።

«ተወው። ኢንተርኔት ከጭስ ገላግሎህ የለ?»

ከጓሮው ክፍል ሳል አይሰማም ነበር።