የቅርፊቱ ቀዳዳዎች

ቅርፊቱ በውሃ እየራሰ ሲሞረድ ዝናብ የነካው ኖራ ይሸታል። እዚህ፣ ከአገሬ ርቄ በምሠራበት ላቦራቶሪ፣ ድንጋይ የሆነ የዳይኖሰር እንቁላል ቅርፊት ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አሳሳለሁ፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ቅርፊቱ ላይ ጫጩቱ የተነፈሰባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ብዙና ሰፋፊ ከሆኑ፣ እናትየው እንቁላሏን እርጥብ አፈር ውስጥ ቀብራው ነበር፤ ጥቂትና ጠባብ ከሆኑ ደግሞ ጎጆዋ ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ መሬት ላይ ነበር ማለት ነው። ሰው ያልረገጠው ምድር እርጥብ ይሁን ደረቅ በዚህች ስባሪ ይታወቃል። ሽታው ግን እኔን ሁልጊዜ የሚወስደኝ ወዳደግኩበት ጉለሌ ነው።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲታደስ ጉልላቱ ወረደ፤ በመስቀሉ ጫፎች ላይ ከተሰኩት የሰጎን እንቁላሎች አንዱ ተሰበረ። ቄሰ ገበዙ "ለበረከት" ብለው ስብርባሪውን ለሰንበት ተማሪዎች አደሉን። የደረሰኝን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። የባዮሎጂ አስተማሪያችን በማጉያ መነጽር አሳየኝ። "እነዚህን ነጠብጣቦች አየሻቸው? ጫጩቱ የሚተነፍስባቸው ናቸው" አለኝና የዳይኖሰሮቹን ነገር አጫወተኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ዳገቱ አልታወቀኝም።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን በየሳምንቱ አንዳችን ቆመን አጭር ትምህርት እንሰጥ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ስለ ሰጎን እንቁላል ተናገርኩ። ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ እንደማትነቅል፣ እግዚአብሔርም እኛን እንደዚያው እንደሚጠብቀን፤ በቃ፣ ሁሉም የሚያውቀውን። ከዚያ ግን ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ስለ ጥንቶቹ ዳይኖሰሮች እንቁላልም ቀጠልኩ።

"ቆይ፣ ስንት ሺህ ዘመን አልሽ?" አለኝ ሰብሳቢያችን።

"ሺህ አላልኩም። ሚሊዮን ነው።"

ከኋላ አንዱ "እህታችን ዳይኖሰር!" ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሰብሳቢው አልሳቀም። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ፊት ቆሜ "ተሳስቻለሁ" ካላልኩ የመዝሙር ልብሴን እንድመልስ አዘዘኝ። ጥምቀት ደርሶ ነበር። ያን ልብስ ለብሼ ከታቦቱ ፊት መዘመርን ዓመቱን ሙሉ ነበር የምጠብቀው።

"ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት፤ በያትና ይለፍ" አለችኝ እናቴ፣ ልብሱን እየተኮሰች።

"ውሸት ነው እኮ፣ እማዬ። በእግዚአብሔር ቤት ልዋሽ?"

ካውያውን አቁማ አየችኝ። ከዚያ የልብሱን እጅጌ መተኮስ ቀጠለች።

እሑድ ቆምኩ። ድምፄ አልከዳኝም። "ጾሜንም ጸሎቴንም አልተውኩም። ለጫጩቱ መተንፈሻ የከፈተለት እግዚአብሔር ነው። መቼ እንደከፈተለት ብጠይቅ እሱን መካድ አይደለም። አልተሳሳትኩም።" ልብሱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከቤተ ክርስቲያን ግን አልወጣሁም፤ በማግስቱ ኪዳን ላይ ነበርኩ። ዛሬም አልወጣሁም። እዚህ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼ "ይህን እያየሽ እንዴት ትጸልያለሽ?" ይሉኛል። ለእነሱም አንገቴን አልደፋም።

የከተራ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ መዘምራኑ በገመድ ታጥረው በሰልፍ ሄዱ። እኔ ከገመዱ ውጭ፣ በተራ ነጭ ቀሚስ፣ መዝሙሩን አብሬ አነሳሁ። ዞር ዞር እያሉ አዩኝ። ይኼኔ እናቴ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ እጄን ያዘችኝ። ዜማ የሚባል ነገር አይሆንላትም ነበር፤ ቤት ውስጥ እንኳ ስታንጎራጉር እንስቅባታለን። ያን ቀን ግን በሰው ፊት ከጎኔ ሆና፣ ከከበሮው ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ እየቀረች፣ ትዘምር ጀመር። ሳቄ መጣ፤ ድምፄ ተቆራረጠ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ያን ዕለት ግን መዳፏ ይሞቅ ነበር፣ አጥብቃም ይዛኝ ነበር።

"ምን ያስቅሻል? ጮክ በይ!" አለችኝ። "ይስሙሽ።"