ያልተናገርኩላት በግ

የባሌ ወንድም ሚስት አውራ በግ ለመንደሩ የተመረጠ ዕለት ምሳ አልበላሁም። የሚለየን አንድ አጥር ነው፤ ወጧ ሲያር እንኳ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። አውራዋ ቀይ፣ ላቱ የሰፋ፣ ሲራመድ መሬቱን የሚንቅ ነበር። የእንስሳት ባለሙያው አየት አደረገውና «እናት በጎቻችሁን አጥቅቶ የሚያስወልድላችሁ ይሄ ነው» አለ። ሰው ሁሉ «ምን አብልተሽው ነው?» ይላት ጀመር። እኔም ሳቅ ብዬ ጠየቅኋት። ውስጤ ግን በቅናት አሯል።

ባለሙያው ያስረዳን እንዲህ ነው። አውራዎች ሁሉ ከወዲሁ ተለይተው ይታሰራሉ። ግንቦት ላይ እናት በጎቹ በአንድ ቀን መርፌ ይወጋሉ፤ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሁሉም አንድ ላይ አውራ ይፈልጋሉ። ግልገሎቹም ጥቅምት ላይ፣ ሣሩ ሳይደርቅ፣ ባንድ ሰሞን ይወለዳሉ። እኔ ግን ከሰው እኩል መሆን አልበቃኝም። ከባለአውራዋ ቀድሜ፣ ከራሷ አውራ ላስወልድ አማረኝ።

ያለችኝ እናት በግ አንዲት ነበረች፤ እሷም ዓመቱን ሙሉ ሳትይዝ ከርማለች። መጋቢት መጨረሻ ላይ አውራ ስትፈልግ አየኋት። ቀኑ ዓርብ ነው፤ ባለአውራዋ የዓርብ ገበያ ወርዳለች። በጌን በአጥሩ ሽንቁር አስገብቼ አውራው ወደታሰረበት ነዳኋት። ከዚያ ወዲያ ወር አልፎም ዳግመኛ አልፈለገች። መያዟን አወቅሁ። በሆዴ እልል አልኩ።

የመርፌው ቀን ስሜ ተመዝግቦ ስለነበር መቅረት አልቻልኩም። ሁላችንም በጎቻችንን ይዘን ቆምን፤ ባለአውራዋ ከጎኔ ናት። ባለሙያው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አውራ ያገኛት በግ ካለች ተናገሩ፤ መርፌው የያዘችውን ያስወርዳታል» አለ። ብናገር «ከየትኛው አውራ?» ሊባል ነው። አውራ ሁሉ ታስሮ የለ!

ተራዬ ደረሰ። «እናቴ፣ የእርስዎስ?»

«ኧረ የእኔዋ አውራ በዓይኗም አላየች» አልኩት።

ምናልባት መርፌው አይሠራ ይሆናል ብዬ ራሴን ደለልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሲወጋት አንገቷን ይዤለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጧት ከጭራዋ ሥር ደም አየሁ። ከእግሯ አጠገብ አውራ ጣቴን የምታህል ነገር ወድቃለች፤ ተጠግቼ ሳያት አፍና እግር አላት። ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ። ባለአውራዋ ጩኸቴን ሰምታ በዚያው በሽንቁሩ ገባች። የወደቀችውን አየቻት፤ ደሙን አየች።

«ያን ዓርብ ጆንያ ረስቼ ከመንገድ ተመልሼ ነበር» አለችኝ። «ከአውራው ጋር አይቻችኋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ትውለድልሽ ብዬ ነዋ! መክና ከርማብሽ የለ?»

«ባለሙያው ሲጠይቅስ?»

«በሰው ፊት ላዋርድሽ? አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ስጠብቅሽ ተወጋች። ምነው ባዋረድኩሽ ኖሮ!»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። እኔም እያለቀስኩ ነው፤ ግን እሷ የምታለቅሰው ለግልገሏ፣ እኔ አሁን የማለቅሰው ስለተያዝኩ ነበር። እንባዋን እንኳ ቀናሁባት።