እናቴን የቀበሩልኝ ምስክሮች

ኮብላይ ተብሎ ከሠራዊት መሰናበትን ያልቀመሰ ሰው በቁጣዬ አይፍረድብኝ። ዕድሜዬን የከባድ መኪና መካኒክ ሆኜ፣ ጭቃ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ካምቢዮ ሳወርድ የኖርኩ ወታደር ነበርኩ። የዓመት ፈቃዴን ይዤ ቱላ ከተማ እናቴ ቤት በመጣሁ በሳምንቱ ወባ ጣለኝ። ጭንቅላቴ ላይ ወጣና ራሴን ሳትኩ። ቆሜ መራመድ ስጀምር ፈቃዴ ካለፈ ቆይቶ ነበር። እየተንገዳገድኩ የጦር ክፍሌ ስደርስ ስሜ ተሰርዞ፣ "ኮብልሏል" ተብሎ ጠበቀኝ። ያከመኝ የግል ክሊኒክ ደግሞ ተዘግቶ ሐኪሙ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ እጠግናለሁ። ሥራውን አልንቅም፤ ግን ባጃጅ አንድ ሰው ብቻውን ገልብጦ ሊያየው የሚችል ነገር ነው፣ እኔ የለመድኩት ሌላ ነው። የሠራዊቱ የቀድሞ አባላት ተመልሳችሁ ግቡ ሲባል ልቤ ዘለለ። የኮበለለ ግን አይመለስም። መጀመሪያ ያ ቃል ከላዬ ላይ መነሳት ነበረበት፤ ስለዚህ ይግባኝ አልኩ። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ፣ "ታምሜ ነበር ካልክ የማይዛመዱህ ሦስት ምስክሮች ይዘህ ቅረብ" አለኝ። የማይዛመዱኝ! ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስትቀያይር፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ሾርባ ስታጠጣኝ የከረመችው እናቴ ናት። የሚያውቀው አንድ ሰው ቢኖር እሷ፣ ቃሉ የማይሰማለትም አንድ ሰው ቢኖር እሷ።

የእድራችን ዳኛ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። "አንተ ልጅ፣ እኛ እያለንልህ ምን ያሳስብሃል?" አሉኝ። ከእድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው ራሳቸው ሦስተኛ ሆኑ። ሦስቱም ታምሜ ሳለሁ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው ጸልየውልኛል፤ የዓይኔን ቢጫነት አይተዋል። ስለዚህ ምን ትላላችሁ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ያየውን ለሚናገር ሰው ምን ይጠየቃል?

በቀጠሮው ቀን ኮት ለብሰው መጡ። እናቴም ካልሄድኩ አለች። ለምስክሮቹ ምሳ እንዲሆን ሙዝ በፌስታል ይዛ ቢሮው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ እኛ ገባን። ሰብሳቢው ሻምበል ሰውነቱ ደንደን ያለ፣ ቶሎ መጨረስ የሚፈልግ ሰው ነበር። የእድሩ ዳኛ እጃቸውን አንስተው ማሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ይህ ልጅ አልኮበለለም። እናቱ ሞታበት ነው የቀረው። የቀበርናትም እኛው ነን።"

እርጅና ነው፣ ሰውየው ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌ ቀጠሉ፤ ድንኳን እንዴት እንደተተከለ፣ ዝናብ እንዴት እንዳስቸገረ፣ መዘምራኑ የቱ ጋ እንደቆሙ ተረኩ። ሦስተኛውማ መሐረባቸውን አወጡ። "መቃብሩ ውስጥ ካልገባሁ ብሎ በስንት መከራ ነው የያዝነው" ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። እውነተኛ እንባ ነበር! እናቴ በሕይወት እያለች፣ ከግድግዳው ወዲያ ሙዝ ታቅፋ፣ ሰውየው አለቀሱላት።  

ሻምበሉ ብድግ ብሎ ቆቡን አወለቀ። "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ። "ሐዘን እያለብህ ወባ ወባ ስትል የከረምከው ምን ነክቶህ ነው? ሐዘንማ ምክንያት ነው። በቃ፣ ይስተካከልልሃል።"

ነገሩ አልቆ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ግን አፌ እንቢ አለ።

"ጌታዬ፣ እናቴ አልሞተችም። ደጅ ተቀምጣለች።"

የተናደደው በምስክሮቹ መሰላችሁ? በእኔ ነው። "ታዲያ በእኛ ልታላግጥ ነው የመጣኸው?" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። እናቴን አስጠራት። ፌስታሏን እንደያዘች ገባች። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ሻምበሉን አንተ እያለች፣ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ቅዠቴ፣ ተሸክመው ክሊኒክ ስላደረሱኝ ሰዎች አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ሻምበሉ እስክትጨርስ ጠብቆ፣ "እማማ፣ ለልጅዎ መመስከር አይችሉም" አላት።

እናቴ ምስክሮቹን አየቻቸው፤ እነሱ መሬት መሬት ያያሉ። ሞታለች፣ ቀብረናታል መባሉን ከሻምበሉ አፍ ሰማች። ወደ እሱ ዞራ፣ "ስሞት አመናችሁ፤ ቆሜ ስናገር አታምኑም?" አለችው። ሻምበሉ ፋይሉን ዘጋው። በሐሰት ምስክር የመጣ ይግባኝ ተብሎ ውድቅ ሆነ፤ ኮብላይነቴም ጸደቀ።

ደጅ ስንወጣ የእድሩን ዳኛ ያዝኳቸው። የማከብራቸው አባት ናቸው፤ ያን ቀን ግን ፊታቸውን ማየት ቀፈፈኝ። "አባባ፣ አይተውኝ የለም እንዴ? ያዩትን መናገር ምን ከበደዎት?" አልኳቸው።

እሳቸው ግን ከልባቸው ተቀየሙ። "ወባ ማንን ያሳዝናል? እዚህ አገር ወባ ያልያዘው ማን አለ? ያ ሻምበል ራሱ ስንቴ ይዞት ይሆናል! እኛ እድር ነን፤ ሞት ብለን ስንመሰክር ማንም አይከራከረንም። ልንጠቅምህ ነበር" አሉኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። በእነሱ ዓይን ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ። እናቴ ሙዙን አደለቻቸው፤ ተቀብለው በሉ። የገደሏት እጆች ልጣጩን አስፋልቱ ዳር ሲጥሉ ቆሜ አየሁ።

ወደ ቱላ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ስለ እነሱ እሳት ተፋሁ። ውሸታቸውን፣ እንባቸውን፣ የሻምበሉን ቆብ ረገምኩ። እናቴ መንገዱን ታያለች። እኔን ያንገሸገሸኝ እሷንም ያንገሸገሻት መስሎኝ ነበር። ሠፈራችን ልንደርስ ስንል ጉልበቴን ያዘችና በሲዳምኛ ተናገረች።

"አንተን ለማስመለስ መሞት ካለብኝ ቀድማችሁ ልትጠይቁኝ ይገባ ነበር። እሺ እል ነበር። እቤት እቀር ነበር እንጂ ሙዝ ይዤ አልመጣም ነበር።"

ቀና ብዬ አየኋት። እየቀለደች አልነበረም።