አጎቴን የገደልሁበት ፊልም

ሰባት ፊልም ሠርቻለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ «ዳይሬክተር ሀብተ ሥላሴ!» ብለው የሚጠሩኝ የባጃጅ ሾፌሮች አሉ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን አሉ። ስሜን ያስጠራው የመጀመሪያው ፊልሜ ነው፤ እሱም አንድ ሽማግሌ ሲሞት የሚያሳየው ክፍል። የሞተው አጎቴ አንዳርጋቸው ነው።

አጎቴ ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነችው የመሸንቲ ገበሬ እንጂ ተዋናይ አልነበረም፤ ያለ ክፍያ የሚሞትልኝ ሰው ግን ሌላ አላገኘሁም። አልጋ ላይ አስተኝቼ ጋቢ አለበስሁት፤ አምስት ሴቶች እንዲያለቅሱ አዘዝሁ። ችግሩ ሴቶቹ ጎበዞች መሆናቸው ነው። ጩኸት የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ ለቅሶ እየተሰማ ቤቱ የሚቀመጥ ማን አለ? የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተከሉ። አጎቴ እንዳይንቀሳቀስ ስላዘዝሁት አልተንቀሳቀሰም። እኔም ካሜራውን ማቆም ሲገባኝ «ሁለት መቶ አልቃሽ በነፃ!» ብዬ መቅረጼን ቀጠልሁ።

መርዶው ባሕር ዳር ደርሶ እናቴ ወለተ ሩፋኤል ደረቷን እየደቃች ስትመጣ፣ ወንድሟ ተነሥቶ ጠላውን ይጠጣል።

«ወንድሜን በቁሙ ቀበርኸው! ያንተን ፊልም ዓይኔ አያይም!» አለችኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱንም አላየችም። ያመኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ዘንድሮ ከተማው ሊያከብረኝ ወሰነ። እሁድ ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ፣ ያው ፊልም ሊታይ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዶች ያንን ክፍል ለማየት ቸኩለዋል። ሊጀመር ሲል እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ገባች። አጎቴ ባለፈው ኅዳር በእውነት ዐርፏል፤ ከዚያ ፊልም በቀር የተቀረጸበት የለም።

አጠገቤ ተቀመጠች። አጎቴ በሬዎቹን እየነዳ ብቅ ሲል ሳቀች፤ ሲያንጎራጉር አብራው አንጎራጎረች። ታሞ አልጋ ላይ ሲወጣ እጄን ጨበጠች።

«ሀብቴ፣ እዚህ ላይ አቁምልኝ።»

«እማዬ፣ ሰው የመጣው እኮ ይኸን ሊያይ ነው።»

«እኔ የመጣሁ በሕይወት እያለ ላየው ነው። ሁለት ጊዜ አልቅሼለታለሁ፤ ይበቃኛል።»

ፊልሙን ለምታሳየው ልጅ፣ ለዜማ፣ እንድታቆም እጄን አነሣሁ። ስክሪኑ ጨለመ። እንግዶቹ መብራት የሄደ መስሏቸው የስልካቸውን ባትሪ አበሩ።

«መብራት አልሄደም» አልሁ ተነሥቼ። «ፊልሙ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።»

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ጥሩ ሠርተኸዋል» አለችኝ። «የቀሩትን ስድስቱን መቼ ታሳየኛለህ? ግን አስቀድመህ ንገረኝ፤ በነሱስ ማንን ገድለሃል?»