ውሻው የለመደው ቃል

ከኮሮና በፊት ባለው ዓመት እህቴ ከአገር ቤት እኔ ወዳለሁበት ሪያድ ደውላ፣ የእናታችን ዓይን እየደከመ መሆኑን ነገረችኝ። «እያየችሽ ድረሽ» አለችኝ። እኔ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ያለ አሠሪዬ ኸሩጅ፣ ማለትም የመውጫ ቪዛ፣ አገሬ መግባት አልችልም። አሠሪዬን ባባ ነበር የምለው። ስለምነው፣ በዚያው ሰሞን ያመጣውን ቡችላ አሳየኝ። ወፍ ማደን ከለመደ ትሄጃለሽ አለኝ። ከቤተሰቡ ውሻ መንካት የሚፈልግ ስላልነበረ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ።

ባባ በስልኩ ቪዲዮ እያሳየ የማደርገውን ነገረኝ። የእርግብ ክንፍ በገመድ አስሬ ግቢው ውስጥ እጎትታለሁ፤ ቡችላው ተከትሎ ይይዛል፤ ሳያኝክ እንዲያመጣልኝ አስተምረዋለሁ። እሱ ግን ይበላዋል። መንጋጋውን ስፈለቅቅ እጄ ይደማል። አንድ ቀን በንዴት ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ቀና ስል ሌላውንም ክንፍ ውጦታል።

ብርዱ ሲገባ ግን ለመደ። ባባ ደስ ብሎት ከከተማ ውጭ ይዞት ሄደ። ተቆጥቶ ተመለሰ። ውሻው የተመታችውን ድርጭት አንስቶ፣ ባባ በዐረብኛ ቢጠራው ቢጮህበት ንቅንቅ አላለም። ለካ ሳላስበው ሁሉንም በአማርኛ ነበር ያስተማርኩት።

«ያለ አንቺ አይሠራም» አለኝ ባባ። «ኸላስ፣ አለቀ፤ የአደኑ ወራት እስኪያልፍ ትቆያለሽ።»

በዚያ ሳምንት እህቴ ደግማ ደወለች። እናቴ የሚታያት ጥላ ብቻ ሆኗል። በነጋታው ባባ ፊት ቆሜ፣ ቃላቱን ላስተምርዎ አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ እሺ አለ።

«ና»ን ወዲያው ያዘው። «አምጣ» ግን አልወጣለት አለ፤ «አምታ» ይላል፤ ውሻው እሱን ያይና ወደ እኔ ይመጣል። እንዳያየኝ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ ሻርፔን ነክሼ እየጸለይኩ አዳምጥ ጀመር። ስንት ቀን እንደዚያ እንዳለፈ አላውቅም። በመጨረሻ ውሻው የመለማመጃዋን ወፍ ወስዶ ባባ እግር ሥር ጣለለት።

ኸሩጁ ወጣልኝና አገሬ ገባሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጉንጮቼን በመዳፎቿ ይዛ፣

«ከስተሻል» አለችኝ።

ለአንድ አፍታ ያየችኝ መሰለኝ። ፊቷ ግን የዞረው እህቴ ወደምታወራበት በኩል ነበር።