ሚዜዋ የት ገባች?

ተሻለች ልብ ወለድ የምታነበው ከኋላ ጀምራ ነበር። መጀመሪያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ትገልጥና ሠርግ ካለበት ሚዜዋን ትፈልጋለች። ሚዜዋ መጽሐፉን ሙሉ ስትላላክ፣ ለሙሽራዋ ስታለቅስላት፣ ጠጉሯን ስትሠራላት ከርማ፣ በሠርጉ ዕለት የቬሎውን ጫፍ ይዛ ትገባና በዚያው ትቀራለች። ደራሲው ዳግመኛ ስሟን አያነሣም። «ታዲያ ይቺ ልጅ የት ገባች?» ትላለች ተሻለች፣ መጽሐፉን በቅሬታ እያየች።

መጽሐፍ እንዳይቸግራት እግዜር ሥራ ሰጥቷታል። አሰላ ውስጥ የቀበሌው ንባብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ኃላፊ ማለት እንግዲህ የምትጠርገውም፣ የምትቆልፈውም፣ አንባቢ ሲጠፋ ቁጭ ብላ የምታነበውም እሷው ናት። ከሞስኮ የመጡት ወፋፍራም ትርጉሞች መደርደሪያውን ሞልተውታል። ስለ ብረት ማቅለጫ የሚያወሩትን አቧራቸውን ታራግፍላቸዋለች እንጂ ገልጣቸው አታውቅም። በረዶና ፍቅር ያለባቸውን ግን ገጻቸው እስኪላላ ደጋግማቸዋለች።

እሷም ትጽፋለች። ለአብዮት በዓል የሚነበብ ታሪክ ሲታዘዝ ትራክተር ነጂና የኅብረት እርሻ አገናኝታ ትሰጣለች፤ የቀበሌው ሰዎች ያጨበጭባሉ፣ እሷን ትራክተሩ አንገፍግፏታል። ለራሷ የምትጽፈው ሌላ ነው። በዚያኛው ውስጥ ሚዜዋ ስም አላት፣ የራሷ ቤት አላት፣ የምትወደው ሰው አላት።

የምትጽፈውን የምትሰማላት ቀለሟ ናት። ቀለሟ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሳጉሬው እህል ነጋዴ የአቶ ገብረሥላሴ ልጅ። የተዋወቁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ተማሪ ሆነው። ፊደል ከለየች ወዲህ ቀለሟ ራሷ ማንበብ ትችል ነበር፤ ግን «እጄ መቼ ይፈታልኛል? አንቺ አንብቢልኝ» ትላለች። ተሻለች ከሥራ ስትወጣ ወደ ሱቋ ጎራ ብላ በርጩማው ላይ ትቀመጥና ታነብላታለች። ቀለሟ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። ታሪኩ ሲጥማት እግሯ በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ካልጣማት መኪናዋ መንጣጣቷን ትቀጥላለች። ተሻለች መኪናዋ የቆመችበትን ታስቀራለች፣ ያልቆመችበትን ትሰርዛለች። ሌላ ሐያሲ ኖሯት አያውቅም።

ከጣውላው ግድግዳ ማዶ ጨውና ጋዝ የሚቸረችሩት ጋሼ ሀሰኖ አሉ። ጆሯቸው ሁልጊዜ ከወዲህ ነው።

«ያ ተሻለች!» ይላሉ፣ በኦሮምኛ አጠራር እየጠሯት። «እኔ'ኮ የምሰማው መኪናዋ ስትቆም ነው። ልጅቷ አለቀሰች አልሽ፤ ለምን እንዳለቀሰች መች ሰማሁ?»

«ጥሩ ጥሩው ብቻ ነው የሚደርስዎት፤ ምን ቀረብዎት ጋሼ?» ትላቸዋለች ቀለሟ።

ነገሩን ምን ያሸፋፍነዋል፤ ተሻለች ቀለሟን ትወዳት ነበር። እንደ እህት አይደለም። ቀለሟ ክር በጥርሷ ስትበጥስ ባየች ቁጥር ልቧ ይደነግጣል፤ እሑድ ሱቁ ሲዘጋ ቀኑ አይመሽላትም። ለዚህ መውደድ ካነበበቻቸው መጻሕፍት ሁሉ ስም ፈልጋ አጣችለት። ስድብ ግን አለው፤ ስድቡን ታውቀዋለች። ስለዚህ በአፏ አልተናገረችውም፣ ጻፈችው። ሁለት ሴቶች፣ ጭላሎ ተራራ ሥር አንድ ቤት፣ ክረምት ሲገባ በጭቃው የተነሣ ማንም የማይደርስበት። ጽፋ ጨርሳ አስቀመጠችው። ሌላውን ሁሉ እያነበበችላት ይኼን አላነበበችላትም። እግሯ ባይቆምስ?

በጥር አቶ ገብረሥላሴ ልጃቸውን ለአንድ የአርቦዬ ነጋዴ ሊድሩ ቀን ቆረጡ። ቀለሟ ወሬውን ስትነግራት ከጨርቋ ቀና አላለችም። «ሚዜዬ አንቺ ነሽ» ብቻ አለቻት። ተሻለች «እሺ» አለች፤ ምን ትበል? ወደ ቤቷ ስትሄድ እነዚያ በየመጽሐፉ የቀሩት ሚዜዎች ትዝ አሏት። ከሠርጉ በፊት ካላነበበችላት መቼም እንደማታነብላት ገባት።

የሄደችው ቀለሟ የገዛ ቬሎዋን በምትሰፋበት ቀን ነው። ገበያ ስለነበር መንገዱ በጋሪ ተጨናንቋል፣ የጋሼ ሀሰኖ ሱቅ በሰው ሞልቷል። ተሻለች በርጩማው ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን አወጣች።

«የዛሬው ትራክተር የለበትም» አለች።

«ተገላገልን! በይ አንብቢ» አለች ቀለሟ፣ መርገጫውን እየረገጠች።

አነበበች። ሁለቱ ሴቶች ተዋወቁ፤ መኪናዋ ትንጣጣለች። አንዷ የሌላዋን ጠጉር ስትሠራ እጇ ማጅራቷ ላይ ቆየ፤ መኪናዋ ትንጣጣለች። ስትወዳት እንደኖረች ነገረቻት፤ እዚህ ላይ የተሻለች ድምፅ ሰለለ፣ መኪናዋ ግን ጭራሽ ባሰባት። ተሻለች ፊቷ ነደደ። የትራክተሩ ወሬ እንኳ አንዳንዴ ያስቆማት ነበር። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ወረቀቱን አጥፋ ልትነሣ ስትል ዓይኗ መርፌው ላይ ዐረፈ።

መርፌው ክር የለውም። ነጩ ጨርቅ ከሥሩ እየተጎተተ አልፏል፤ ጠርዙ ላይ የተሰለፈው ባዶ ቀዳዳ ነው።

«ክርሽ ተበጥሷል» አለች ተሻለች።

«ዐውቃለሁ። ገና ሲተዋወቁ ነው የተበጠሰው።» የቀለሟ ዓይን እንባ ሞልቷል፤ እግሯ ግን አሁንም አልቆመም። «ባቆም ሰው ይሰማሽ ነበር።»

ከዚያ እግሯን አነሣች።

«ያ ተሻለች!» አሉ ጋሼ ሀሰኖ ከግድግዳው ማዶ። «ዛሬስ አላማረልሽም መሰለኝ፤ መኪናዋ አንዴም አልቆመች።»

«አላማረም ጋሼ» አለች ቀለሟ፣ የተሻለችን እጅ አጥብቃ እንደያዘች።

በሠርጉ ዕለት ተሻለች የቬሎውን ጫፍ ይዛ ከኋላ ከኋላ ሄደች። እልልታው ቀለጠ። ቀለሟ ልብሱን ጥንቅቅ አድርጋ ሰፍታዋለች፤ አንድ ቦታ ላይ ግን የጠርዙ እጥፋት ተፈቶ የተሻለችን ጣት ሻከራት። ጎንበስ ብላ አየችው። ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ ክር አልገባባቸውም።

ሙሽሮቹ ወደ አርቦዬ በሚሄዱበት ላንድሮቨር ገቡ። ነጂው ሞተሩን አስነሣ፣ በሩን ሊዘጋ ዘወር አለና ተሻለችን አያት።

«ሚዜዋ፣ ልቀቂው እንጂ!» አላት።