በርሜሉን የከፈትኩ ቀን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ጎንደር ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ነው በወረቀት የምሞክረው።

የምኖረው እስራኤል አገር፣ ናታኒያ ከተማ፣ ኪርያት ኖርዳው የሚባል ሰፈር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ጠርሙስና ብርጭቆ አጥብ ነበር። ባለቤቱ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው የተከሉት የወይን ተክል ለሕንፃ ተነቅሎ፣ ከመጨረሻው ፍሬ የተጠመቀው ወይን በአንድ የእንጨት በርሜል ተቀምጧል። በልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ ሊባረክበት ነው።

ሽማግሌው ስለ ወይን ጠጅ የሚጻፈውን ከጋዜጣ ጮክ ብለው እያነበቡ ይስቁ ነበር።

«ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የጫካ እንጆሪ ይሸታል ይላል። እስኪ አንቺ አሽቺው።»

እያፈርኩ «ዝናብ የነካው ገለባ» አልኳቸው።

ሳቃቸውን አቆሙ። የእሳቸው አፍንጫ በእርጅና ደክሟል፤ ከዚያ ወዲያ ሳይጠይቁኝ አይውሉም ነበር። እናቴ ጠላ ሊሆመጥጥ ሲል ከጓዳው ደጃፍ ሆና ታውቃለች። አፍንጫዬ የእሷ ነው።

በኋላ ካሽሩት የሚባለውን የአይሁድ የምግብና የመጠጥ ሕግ የሚያስከብር ተቆጣጣሪ መጣ። እኔ ወደ ይሁዲነት የመመለሻውን ትምህርት ጨርሼ ነበር፤ ወረቀቱ ብቻ ከራባኑት፣ ከራቢዎቹ ቢሮ፣ አልመጣም ነበር። ወረቀት የሌለው ሰው እጅ የነካው ወይን ደግሞ ለቡራኬ አይሆንም። ተቆጣጣሪው ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጠፈና «ከዚህ አትለፊ፣ እህቴ» አለኝ።

«አፍንጫዋም ወረቀት ያስፈልገዋል?» አሉት ሽማግሌው።

«አፍንጫዋ ይለፍ አባባ፤ እጇ ግን ይቅር።»

«እንግዲያው አፍንጫዋን ቆርጬ ላስገባው!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

አንድ ቀን ሁለቱም ምሳ ሲወጡ ከመስመሩ ማዶ ቀጭን ሽታ መጣብኝ። ተሳስቼ እንደሆነ ልወቅ ብዬ አለፍኩ። የበርሜሉን ውታፍ ነቀልኩና፣ ለሽማግሌው እንዳጫወትኳቸው እናቴ ጠላ ላይ እንደምታደርገው፣ አመልካች ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። ወይኑ መሆምጠጥ ጀምሯል። ገና ስለሆነ ሽማግሌው ካወቁ ሊያድኑት ይችላሉ። ውታፉን መልሼ፣ ጣቴን በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩ።

ሽማግሌው ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው «ዛሬስ ምን ይሸታል?» አሉኝ።

እውነቱን ብናገር ጣቴን መንከሬ ከፊቴ ላይ የሚነበብ መሰለኝ። ያን ጊዜ ወይኑ ለሠርጉ አይሆንም፤ እኔም ሥራዬን አጣለሁ።

«ምንም» አልኳቸው።

በማግስቱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ።

ለሠርጉ ሲከፈት ኮምጣጤ ሆኗል። ሽማግሌው ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም፤ በርሜሉን ራሳቸው ደፉት። ቀዩ ፈሳሽ ቢጫውን መስመር አልፎ እግሬ ሥር ድረስ መጣ። ወረቀቴ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ያ ሽታ ባላሰብኩት ቦታ ይመጣብኛል። አውቶቡስ ውስጥ ይመጣል፣ ከታጠበ አንሶላ ላይ ይነሣል። ቤታችን ኮምጣጤ ካስገባን ቆይቷል። እናቴን «ይሸትሻል?» እላታለሁ። «ኧረ ምንም የለም፣ ልጄ» ትለኛለች። እሷ ካልሸተታት በእርግጥ የለም። እኔ ግን መስኮት እከፍታለሁ።

ሽማግሌው በዚያው ክረምት ታመሙ። ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ልናገር አስቤ ነበር የሄድኩት፤ ስለ ሕመማቸው ብቻ ጠየቅኳቸው። እሳቸው እጄን ያዙና ያን ጣቴን ለይተው በቀስታ ጨበጡት።

«ያን ውታፍ እኔ ጉልበት ስለሌለኝ አላልቼ ነው የምዘጋው» አሉ። «ለሠርጉ ስነቅለው ጠብቆ አገኘሁት። አንቺ እንደሆንሽ ያኔውኑ ገባኝ።»

አለቀስኩ። በሳምንቱ ሞቱ። ከዚያ አልጋ አጠገብ ስነሣ መጨረሻ ያሉኝ ይህ ነው፦

«ብትነግሪኝ እኮ ለሠርጉ ባይሆን፣ እኔ እጠጣው ነበር።»